የንስር ቆጠራ ከእንዳ ኢየሱስ አናት

እንዳ ኢየሱስ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ያስያዙበት የጣሊያን ምሽግ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ። ይህ ኮረብታ ሰማይ ለማየትም የተመቸ ነው። እኛ ጋ በጋው ሊገባደድ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ አፍሪካ የከረሙ አዳኝ ወፎች ወደ መራቢያ አገራቸው ይመለሳሉ።

ከእነሱ መካከል የስቴፕ ንስር አለ። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያህላል። ያን ክንፍ እያርገበገበ እስከ ካዛኪስታን ልሂድ ቢል ጉልበቱ አይበቃውም። ስለዚህ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣው አየር እየዞረ ሽቅብ ይወጣና ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ቁልቁል ይንሳፈፋል። ባሕር ላይ ይህ አየር የለም። በመሆኑም ሲመጣ በጠባቡ ባብ ኤል መንደብ ይሻገራል፤ ሲመለስ ግን አብዛኛው ቀይ ባሕርን በስተቀኙ አድርጎ እስከ ስዊዝ በየብስ ይዘልቃል።

ለቆጠራው ሁለት ሰው፣ አቅራቢ መነጽር፣ በአውራ ጣት የሚጫን መቁጠሪያና ደብተር ይበቃል። አየሩ ላይ ተሰብስበው ሲዞሩ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል። ጫፍ ደርሰው ተራ በተራ ሲለቁ ይጠበቅና አስቀድሞ ከተመረጠ ምልክት፣ ለምሳሌ ከአንድ ዛፍ በላይ፣ ሲያልፉ ብቻ ይቆጠራሉ። በየሰዓቱ ቁጥሩ፣ አቅጣጫውና ነፋሱ ይጻፋል። እዚሁ የሚኖረውን ቡናማ ንስር ከእንግዳው መለየት ግን ልምድ ይጠይቃል፦ የስቴፕ ንስር ቢጫ የአፉ ጠርዝ ከዓይኑ ኋላ ድረስ ይደርሳል፤ የነባሩ ከዓይኑ መሐል ላይ ያበቃል።

በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው ጅቡቲ ላይ በአምስት ሳምንት ገደማ 246,000 ያህል አዳኝ ወፎች ተቆጥረዋል፤ 76,000 የሚሆኑት የስቴፕ ንስር ነበሩ። ይኸው ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ተመድቧል።

ከመቀሌ በስተደቡብ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖች አሉት፤ የሚሽከረከረው ክንፋቸው ግን የሚያልፈውን ንስር ሊመታ ይችላል። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ንስሩም ያስፈልገናል። ግብጽ ውስጥ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር መንጋ ሲቃረብ ተመልካቾች ያስታውቃሉ፣ ተርባይኑም ለጊዜው ይቆማል። ይህን ለማድረግ ወፎቹ በየትኛው ሳምንት፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሚያልፉ ማወቅ ይቀድማል።

የግቢው ተማሪዎች ሆይ፣ በመጪው የካቲት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኮረብታው ላይ ቁሙ፤ ያያችሁትንም ጻፉ።