ተኩላው የለበሰው ፊት

ስለ ልጆች ካርቱን ወሬ ሲነሣ «ስውር ምልክት አለበት» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ፊልሙን አቁሞ ከደመናው ላይ ፊደል ያነባል፤ ሌላው ለአንድ ግንብ ቅርጽ ምስጢራዊ ማኅበር ይፈልግለታል። እንዲህ ያለው ፍለጋ ግን ዋናውን ነገር ያስተናል። ካርቱኖች ትርጉም መሸከማቸው እውነት ነው፤ ከባዱ ትርጉም ግን በአመዛኙ የተቀበረ አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከመልመዳችን የተነሣ የማናየው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 የዋልት ዲስኒ ድርጅት ያወጣውን «ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች» እንይ። ተኩላው የገለባውን ቤት በትንፋሹ ካፈረሰ በኋላ ለእንጨቱ ቤት የበግ ለምድ ይለብሳል፤ እንደ ተጣለ ግልገል ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ደጅ ላይ ይጠብቃል። አሳማዎቹ አይታለሉም። ወደ ጡብ ቤቱ ሲመጣ ደግሞ ብሩሽ አዟሪ ሆኖ ነው፤ ትልቅ አርቲፊሻል አፍንጫ፣ ጢም፣ መነጽርና ረጅም ካፖርት አድርጓል። ይህ መልክ በዘመኑ የአሜሪካ መድረክ ይቀለድበት የነበረው አይሁዳዊ አዟሪ ነበር። ሥዕሉን ለማንበብ ምስጢራዊ ቁልፍ አያስፈልግም ነበር፤ ተመልካቹ ቀልዱን ቀድሞ ያውቀዋል። ድርጅቱ ራሱ በ1948 ያንን ትዕይንት እንደገና አሣለውና ተኩላው ተራ ብሩሽ ሻጭ ሆነ። ትርጉም የሌለውን ነገር ማን ወጪ አውጥቶ ያስለውጣል?

«ፈልጎ የሚያጣ የለም፤ እንዲህ ከታየማ ሁሉም ነገር ምልክት ይሆናል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። የቤልጅጉ ሠዓሊ ፔዮ በ1958 የፈጠራቸውን ሰማያዊ ስመርፎች አብረው ስለሚኖሩና አለቃቸው ቀይ ቆብ ስለሚያደርግ ብቻ የኮሙኒዝም ሰባኪ ያደረጓቸው አሉ፤ ቆብና የጋራ ኑሮ ግን ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል፦ መልኩ ከፊልሙ ውጭ የታወቀ ምንጭ አለው ወይ? ፊልሙስ ራሱ ያንን ምንጭ ይጠራል ወይ? የሚኪ ማውስን ነጭ ጓንት በዚህ እንመዝነው። ጓንቱ የሚኪን ጥቁር እጅ ከጥቁር ሰውነቱ ለመለየት ይጠቅማል፤ ይህ በቂ የሥራ ምክንያት ነው። ነገር ግን ነጭ ጓንት ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት እየቀቡ በጥቁሮች ላይ ያላግጡበት የነበረ የመድረክ ትርኢት ልብስም ነበር። በ1933 በወጣ አንድ ፊልም ሚኪ ስለ ጥቁር ባሮች የሚተርከውን «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን መድረክ ላይ ሲያቀርብ ርችት አፉ ውስጥ አፈንድቶ ፊቱን ያጠቁራል። ጓንቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ይህ ትዕይንት ሲጨመርበት ግን ዝምድናው ይገለጣል።

ሌላው ተቃውሞ የዋሆች ወላጆች የሚያነሡት ነው፦ «ልጅ ይህን ሁሉ መቼ ያውቃል?» በእርግጥ አያውቅም፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ስለ አይሁዳውያን ታሪክ ምንም ባያውቅም አደጋ ምን ዓይነት አፍንጫ እንዳለው፣ ምን ዓይነት አነጋገር እንደሚናገር ከተኩላው ይማራል። የሚያውቅ አዋቂ ይከራከራል፤ ልጅ ግን መከራከሪያ የለውም፤ ያየውን ዓለም እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ ከልጆቻችን ጋር ካርቱን ስናይ ደመናውን በአጉሊ መነጽር መፈተሽ አይጠበቅብንም። ክፉው ማንን ይመስላል? የሚሳቅበት የማን አነጋገር ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ልጁ ራሱ እንዲመልስ ብንጠይቀው ይበቃል። በእንጨቱ ቤት የነበሩት ሁለቱ አሳማዎች የበግ ለምዱን ወዲያው ለይተዋል፤ ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ሰው መስሎ የመጣውን ፊት የተኩላው እንጂ የዚያ ሰው አለመሆኑን እንዲለዩ እናግዛቸው።