ወንጀልን በ16 ዓመት ማጥናት

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወጣቶች ከ16 እስከ 18 ዓመታቸው፣ እኛ መሰናዶ እንል በነበረው ደረጃ፣ ሦስት አራት ትምህርት ብቻ መርጠው ይማራሉ። ከምርጫዎቹ አንዱ ክሪሚኖሎጂ ነው። ደብሊው ጄ ኢ ሲ የተባለው የፈተና ድርጅት ለዓመታት ሲሰጠው የቆየው ዲፕሎማ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ በጽሑፍ ፈተና፣ ሁለቱ ክፍል ውስጥ በቁጥጥር ሥር በሚሠራ ሥራ ይመዘናሉ። ተማሪውን ወደዚህ ትምህርት የሚስበው በቴሌቪዥን ያየው ነፍሰ ገዳይ ቢሆን አይገርምም። ትምህርቱ የሚጠቅመው ግን ወንጀለኛን ስለሚያሳውቅ ሳይሆን ማስረጃን መጠራጠር ስለሚያስተምር ነው ባይ ነኝ።

የሳሊ ክላርክን ጉዳይ እንውሰድ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ጨቅላ ልጆቿ በ1996 እና በ1998 ሞቱባት፤ በ1999 ገድላቸዋለች ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ችሎት ቀርበው፣ እንዲህ ባለ ቤተሰብ ሁለት ሕፃናት በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ሲሉ መሰከሩ። ቁጥሩ የተገኘው የአንድ ሕፃን ሞት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው ተብሎ፣ ያው በራሱ ተባዝቶ ነው። ማባዛቱ የሚያስኬደው ግን ሁለቱ ሞቶች ፈጽሞ ካልተያያዙ ብቻ ነው፤ ወንድማማቾች ደግሞ አንድ ደምና አንድ ቤት ይጋራሉ። በዚያ ላይ እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏም ራሱ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የአንደኛውን ብርቅነት ብቻ መቁጠር ምንም አያረጋግጥም። የብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ስሌቱን ተቃወመ። ሴትዮዋ በ2003 ተፈታች፤ ለዚያውም ዋናው ምክንያት ለጠበቆቿ ሳይነገር የቀረ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር። በ17 ዓመቱ ይህን መዝገብ የመረመረ ተማሪ፣ ባለሙያ ተናገረ ተብሎ ብቻ አፉን አይዘጋም።

የሞተ ንድፈ ሐሳብ መማር ምን ይፈይዳል የሚሉም አሉ። ጣሊያናዊው ሎምብሮዞ በ1876 ወንጀለኛ በመንጋጋውና በግንባሩ ይለያል ብሎ ጻፈ፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ በ1913 ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን መርምሮ እንዲህ ያለ የተለየ መልክ እንደሌለ አሳየ። ሐሳቡ ግን መች ሞተ? ዛሬም «ከፊቱ ያስታውቃል» እንላለን። ለልጆች ይከብዳል የሚለው ስጋት ሚዛን የሚደፋው መምህሩ በአስከሬን ፎቶግራፍ ትኩረት ለመሳብ ከሞከረ ነው፤ መዝገብ ማገላበጥ ሌላ፣ ደም ማየት ሌላ።

ትምህርቱ ቀላል ነው የሚለው ወቀሳ ግን ጨርሶ ሐሰት አይደለም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነባሮቹን ትምህርቶች ይመርጣሉ፤ ክሪሚኖሎጂን በዲግሪ ለመማር እንኳ ይህን ዲፕሎማ መያዝ በአብዛኛው ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ሕግ የሚያስብ ተማሪ ከታሪክ ወይም ከሒሳብ ጋር ቢያጣምረው ይሻለዋል። ፎረንሲክ ሳይንስ የሚያልም ደግሞ መጀመሪያ ኬሚስትሪ ይመዝገብ።