ስፒከር በቪዮላ ሲፈተን

ዱባይ ተራ ስፒከር የሚሸጠው በቤዝ ነው። ሻጩ ስልኩን በብሉቱዝ ያገናኝና ድምፁን ጥግ ድረስ ይለቀዋል፤ «ወንድሜ፣ እጅህን አስጠጋውማ!» ይላል። ገዢው መዳፉን የስፒከሩ ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፤ ንዝረቱ ክንዱን ካላንቀጠቀጠው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ከጎን ያለው ሱቅም የራሱን ዘፈን ከፍቷል፤ ከፊት ለፊት ያለውም እንዲሁ። ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ካርቶኑን አናቱ ላይ ቆልሎ በመሐል ይሰነጥቃል። በዚህ ሁሉ ጩኸት የማይፈተን ነገር ቢኖር የድምፁ መሐል ነው። የዘፋኙ ጉሮሮ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ሳክስፎኑ የሚኖሩት ደግሞ እዚያው መሐል ላይ ነው። ቤዙ ደረት ስለመታ ብቻ ስፒከር ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው፣ የጥላሁንን ድምፅ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚሰማ የሚገባው ማታ ነው።

ለዚህ መሐል የሚሆን የሙዚቃ ዓይነት ላስተዋውቅ። ሦስት ሰዎች ይጫወቱታል፤ አንዱ ቪዮላ፣ ሁለተኛው ክላርኔት ወይም ኦቦ የሚባለው ሌላ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ፣ ሦስተኛው ፒያኖ። ከበሮ የለው፣ ቤዝ ጊታር የለው፣ ዘፋኝ የለው፤ ፊት ቆሞ የሚመራቸው ሰው እንኳ የለም። ቻምበር ሙዚቃ የሚባለው ይህ ነው፦ ጥቂት ሰዎች፣ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ፣ ከአዳራሽ ይልቅ ለሳሎን በሚሆን ድምፅ የሚጫወቱት። በቪዮላ፣ በትንፋሽ መሣሪያና በፒያኖ ከተጻፉት ውስጥ በብዛት የሚታወቁት የሮማንቲክ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት እስከ 20ኛው መባቻ፣ በብዛትም ጀርመን አገር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቪዮላን የማያውቅ ሰው ቫዮሊን ትመስለዋለች። አገጭ ሥር ትያዛለች፤ የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ትገዘገዛለች፤ አራት ክሮች አሏት። የምትለየው ከቫዮሊን በአምስት ደረጃ ዝቅ ብላ በመቃኘቷ ነው፤ ወፍራሙ ክሯ በሰከንድ 131 ጊዜ ገደማ (131 ሄርዝ) ይርገበገባል። የሠሪዎቹ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ዝቅ ባለ መጠን ሳጥኑም መተለቅ ነበረበት። የቫዮሊን ሳጥን ርዝመቱ 35.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዚሁ ስሌት የቪዮላዋ 53 ሳንቲ ሜትር መድረስ ነበረበት። ያንን የሚያህል ዕቃ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ጣቱ እስከ ጫፉ የሚደርስለት ሰው ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሠሪዎቹ ከ38 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ባለው ላይ ቆሙ። ሳጥኗ ለድምፅዋ ጠበባት። ዝቅተኛ ድምፆቿ የሳጥኑን ሙሉ ድጋፍ ስለማያገኙ ጨለም ይላሉ፣ በአፍንጫም የመውጣት ጠባይ አላቸው፤ ጉንፋን የያዘው ግን ወግ የሚያውቅ ሽማግሌ ሲያወራ ይመስላሉ። ኦርኬስትራ ውስጥ መሐል ተቀምጣ ክፍተት ስትሞላ ስለምትውል ሙዚቀኞች በቪዮላ ተጫዋቾች ላይ የማያወጡት ቀልድ የለም። ሞዛርት ግን ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት ቪዮላዋን ራሱ ያነሣ ነበር።

ክላርኔት በሸምበቆ ምላስ የሚነፋ የእንጨት ቱቦ ነው። ሳክስፎን የዚሁ ዘመድ ቢሆንም ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ክላርኔት ግን አብዛኛው ርዝመቱ ላይ እኩል ስፋት አለው። በዚህ ምክንያት ታችኛው ክልሉ ሌላ መሣሪያ የማያወጣው ክፍትና ጥቁር ድምፅ አለው። የተለመደው ክላርኔት የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፁ 147 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ከቪዮላዋ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ሁለቱ የሚመላለሱበት ክልል አንድ ነው ማለት ይቻላል። ክላርኔቱ ከቪዮላዋ በታች ይወርዳል፣ ቪዮላዋ ከላዩ ትወጣለች፣ ደግሞ ይቀያየራሉ። ጆሮ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ቀለም ነው፤ አንዱ ጋ የጭራው ፍተጋ አለ፣ ሌላው ጋ ትንፋሹ። ቀለሙ ከጠፋ ሁለቱ ሰዎች አንድ ይሆናሉ። ፈተናው ይኼው ነው።

በዚህ አደረጃጀት ቀድሞ የታወቀው ሥራ የሞዛርት ነው። በ1786 ቪየና ላይ የጻፈውን ትሪዮ ክላርኔቱን አንቶን ሽታድለር፣ ፒያኖውን ተማሪው ፍራንሲስካ ፎን ዣኪን፣ ቪዮላውን ራሱ ሞዛርት ተጫወቱት። ሮማንቲኮቹ የተከተሉት ዘግይተው ነው።

ከሁሉም የሮበርት ሹማን ይበልጥብኛል። በጥቅምት 1853 ዱሴልዶርፍ ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ አራት አጫጭር ሥራዎች ጻፈና «የተረት ትረካዎች» አላቸው። የትኛው ተረት እንደሆነ አልነገረንም፤ ባይነግረንም ጥሩ አደረገ። ሦስተኛው ዝግ ያለ ነው፦ ፒያኖው ከሥር ሳያቋርጥ ያንሾካሹካል፣ ክላርኔቱና ቪዮላዋ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየተቀበሉ ይቀጥላሉ። በየካቲት 1854 ሹማን ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ጣለ፤ ከውኃው አወጡት፣ የቀረውን ዕድሜውን ግን በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ አሳልፎ በ1856 ሞተ። ሥራውን የሚሰማ ሰው ይህን ታሪክ ካላወቀ ከሙዚቃው ውስጥ አይገምተውም። እኔም ብዙ ጊዜ ረስቼው ነው የምሰማው።

ብራምስ ደግሞ ሙዚቃ መጻፍ በቃኝ ሊል ዳር ዳር ሲል በ1891 ማይኒንገን ከተማ ሪሻርት ሙልፌልት የሚባል ክላርኔት ተጫዋች ሰማና ብዕሩን መልሶ አነሣ። በ1894 ለክላርኔትና ለፒያኖ የጻፋቸውን ሁለት ሶናታዎች ለቪዮላ የገለበጣቸው ራሱ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። አውጉስት ክሉግሃርት በ1872 በገጣሚው በሌናው ግጥሞች ላይ ተመሥርቶ ለኦቦ፣ ለቪዮላና ለፒያኖ ጽፏል፤ ጥሩ ነው፣ እንቀጥል።

የቻርልስ ሎፍለር ሥራ ግን ታሪክ አለው። ሎፍለር አሜሪካ የኖረ የቦስተን ሲምፎኒ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። መጀመሪያ የጻፈው ለድምፅ፣ ለክላርኔት፣ ለቪዮላና ለፒያኖ ነው። የኦርኬስትራው ክላርኔት ተጫዋች ሊዮን ፑርቶ በ1898 «ላ ቡርጎኝ» የተባለችው መርከብ ስትሰጥም አብሮ ሞተ። ሎፍለር ከእነዚያ ዘፈኖች ሁለቱን መልሶ ሲሠራቸው ክላርኔቱን አወጣና ቦታውን ለኦቦ ሰጠ፤ በ1901 ለኦቦ፣ ለቪዮላና ለፒያኖ ሁለት ራፕሶዲዎች ተብለው የተጨረሱት እነዚህ ናቸው። አንደኛውን ለፑርቶ መታሰቢያ አደረገው።

የመጨረሻው ማክስ ብሩክ ነው። በ1910፣ በ72 ዓመቱ፣ ክላርኔት ለሚጫወተው ልጁ ለማክስ ፌሊክስ ስምንት ሥራዎች ጻፈ። ያን ጊዜ ወጣቶቹ የሙዚቃን ሕግ እያፈራረሱ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት በሚጻፍበት መንገድ ጻፈ፣ ማንንም አላስፈቀደም። ከስምንቱ ሰባቱ በማይነር ቅኝት ናቸው፤ ሰባተኛው ብቻ በሜጀር ይፈነድቃል። በትዝታ ላደገ ጆሮ ከሁሉም ቀድሞ የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ስድስተኛውን፣ «የሌሊት ዜማ» የተባለውን፣ ቀድማችሁ ስሙ።

ይህን ሁሉ በሸክላ ማስቀረት ቀላል አልነበረም። እስከ 1925 አካባቢ ሙዚቃ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነው፤ ተጫዋቾቹ በትልቅ ቀንድ አፍ ፊት ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን እየገፋ ሰሙን ይጭራል። የትንፋሽ መሣሪያ በዚህ ዘዴ ደህና ይወጣል፤ የክር መሣሪያ ግን ይደክማል። ሽትሮ የሚባል ሰው ቫዮሊን ላይ ሳጥኑን አውጥቶ የብረት ቀንድ የገጠመበት ለዚህ ነው፤ መልኩ ያስቃል፣ ሥራውን ግን ሠርቷል። ማይክሮፎን ከመጣ በኋላም ያኔ የነበረው ትልቁ ሸክላ አንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙ አይዘልም ነበር፤ ረዘም ያለ ሥራ መሐል ላይ ይቆረጣል። ረጅሙን የሚይዘው ሎንግ ፕሌይ ሸክላ የመጣው በ1948 ነው።

ዛሬም ቢሆን ይህን ሦስትዮሽ መቅረጽ ራስ ምታት ነው። ፒያኖው ክዳኑ ከተከፈተ ሁለቱን ይውጣቸዋል፤ ከተዘጋ ይታፈናል። የቪዮላዋ ድምፅ በብዛት የሚነሣው ከላይኛው ገጿ ስለሆነ ተጫዋቿ ፊቷን ትንሽ ካዞረች ድምፁ አብሮ ይዞራል። የክላርኔቱ ደግሞ ከጫፉ ብቻ የሚወጣ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በየተከፈቱት ቀዳዳዎች ነው፤ ማይክሮፎኑን ጫፉ ሥር የደቀነ ቀራጭ ቁልፍ ሲንኳኳ ይቀርጻል። ስለዚህ ጎበዞቹ ማይክሮፎኑን ራቅ አድርገው ክፍሉንም አብረው ይቀርጹታል።

ከተቀረጹት ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ጃኔት ሂልተን በክላርኔት፣ ኖቡኮ ኢማይ በቪዮላ፣ ሮጀር ቪኞልስ በፒያኖ ቻንዶስ ለሚባለው አሳታሚ የቀረጹት ነው፤ ሞዛርትን፣ ሹማንንና ብሩክን አንድ ላይ ይዟል፤ ጀማሪ በዚህ ይግባ። ሁለተኛው በ1995 ኢሲኤም ያወጣው ነው፦ ኪም ካሽካሺያን በቪዮላ፣ ኤድዋርድ ብሩነር በክላርኔት፣ ሮበርት ሌቪን በፒያኖ። እዚያ ላይ ከሹማን ጎን የሀንጋሪው ጊዮርጊ ኩርታግ ለሹማን መታሰቢያ የጻፈው አለ፤ ክላርኔት ተጫዋቹ መጨረሻ ላይ ትልቅ ከበሮ አንዴ፣ በጣም በቀስታ ይመታል። ቤዝ ወዳጆች የሚጠብቁት እስከዚያ ነው።

ካሽካሺያን አሜሪካ የተወለደች አርመን ናት። አርመን ሲባል የእኛም የዘመናዊ ሙዚቃ ነገር ይነሣል። ልዑል ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛም በፖሊስም የትንፋሽ መሣሪያው እየበዛ ሄደ። ከ1969 ጀምሮ አምሃ እሸቴ በአምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች የዚህ ፍሬ ናቸው። ፒያኖውም አልተጓደለብንም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ካይሮ ላይ በፖላንዱ ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረዋል፤ ሰውዬው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። የእማሆይ የመጀመሪያ ሸክላ በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ፤ በ2006 ደግሞ ኢትዮጲክስ የሚባለው የአልበሞች ተከታታይ ቁጥር 21 ለዓለም ሁሉ አሰማቸው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ሾፓንን ከአምባሰል ጋር አንድ መድረክ ላይ ያስቀምጣል፤ በ2014 የወጣው አልበሙ በብቸኛ ፒያኖ ነው። የያሬድ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ሲጽፍ ትንፋሹን ከክሮች ጋር አገናኝቷል። ትንፋሽ አለን፣ ፒያኖ አለን፤ መሐል ላይ የምትቀመጠዋ ቪዮላ ግን የሚገባትን ያህል አልተሰማችም። የሚቀጥለው የያሬድ ምሩቅ አምባሰልን ለሦስቱ ቢጽፍልን እኔ ገዢ ነኝ።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ሹማንን ሦስተኛውን፣ ብሩክን ስድስተኛውን ስልክ ላይ ጭኖ መሄድ ይበቃል፤ በስልኩ ስፒከር ግን አትፍረዱ። የስልክ ስፒከር 131 ሄርዝን እንደሚገባ አያወጣም፤ እኛ የምንሰማ የሚመስለን አእምሯችን ከላይ ካሉት 262፣ 393 እና 524 ተነሥቶ የጎደለውን ስለሚሞላ ነው። ሻጩ በሚሸጠው ስፒከር ላይ መጀመሪያ ሱፐር ቤዙን አስጠፉት። ደስ አይለውም። ድምፁንም ሁለት ሰው ሲያወራ በሚሰማበት ልክ አድርጉት፤ ጎረቤቱ ሱቅ ከጮኸ ጆሮን ማስጠጋት ነው።

ከዚያ የቪዮላዋን ወፍራም ክር ስሙ። አንዳንዱ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ ካበጠና የፒያኖው ግራ እጅ ከተድበሰበሰ፣ ፋብሪካው ትንሿ ሳጥን ትልቅ እንድትመስል 100 ሄርዝ አካባቢ በኤሌክትሮኒክስ ነፍቷታል። ትልቅና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያለው ስፒከር ከሆነ ሁለቱ ሥራ የሚረካከቡት ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ሄርዝ ባለው ነው፤ የደጋኑ ፍተጋ ከቪዮላዋ ተለይቶ ከሌላ ቦታ የመጣ ከመሰለ ርክክቡ ተበላሽቷል። ክላርኔቱና ቪዮላዋ ሲሻገሩ ማን ወረደ፣ ማን ወጣ የሚለው ካልተለየ ደግሞ መሐሉ ባዶ ነው፣ ዕቃውን መልሱት። ሻጩ «ይኼ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ መልሱን ከዋጋው ክርክር በኋላ ብትነግሩት ይሻላል፤ እንከኑን ያወቀ ገዢ ሲያይ ቶሎ ይቀንሳል።