ጋቢናው ለክብር ነው፤ ለጆሮስ?

ከከሚሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሰንበቴ የሚሄድ ሚኒባስ ሲጭን፣ ረዳቱ በዕድሜ የገፋ ሰው ካየ «አባባ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ» ይላል። ሕፃን ያቀፈች እናት ስትመጣም ብዙ ጊዜ ቦታ የሚለቀቅላት እዚያው ነው። ያደግንበት መልካም ባህል ነው። ነገር ግን በቆዩት ሃይሩፍ ሚኒባሶች ሞተሩ የሚገኘው ከሹፌሩና ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ስለዚህ አክብረን የምናስቀምጣቸው ሰዎች ለሞተሩ ሙቀትና ጩኸት ከሁሉም ተሳፋሪ የቀረቡ ይሆናሉ። በባጃጅም ቢሆን ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ እናት ሕፃኗን አቅፋ የምትቀመጠው ከሞተሩ ጎን ነው።

ለብዙ ዓመታት በነርስነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ስለ መንገድ አደጋ ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። መኪና ውስጥ ስላለ ጩኸት ግን ሲወራ አልሰማም። ዛሬ ወላጆችና አያቶች ትኩረት እንዲሰጡት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ድምፅ የሚያስገባ ቱቦ

በሌላው ዓለም ነገሩ አንዳንዴ የተገላቢጦሽ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ድምፅ እንዳያስገቡ ተደርገው ስለሚሠሩ ሹፌሩ የሞተሩን ድምፅ እንደ ልቡ አይሰማም። ፈጣን መኪና የሚወዱ ገዢዎች ደግሞ ድምፁ ይናፍቃቸዋል። በዚህ ምክንያት እንደ ቶዮታ 86 እና ፎርድ ሙስታንግ ባሉ መኪኖች ላይ ፋብሪካዎቹ ሞተሩ አየር ከሚስብበት መስመር ተነሥቶ ወደ ሹፌሩ ክፍል የሚያመራ ቱቦ የገጠሙበት ጊዜ አለ። ቱቦው ለሞተሩ ጉልበት አይጨምርም፤ ሥራው ድምፅ ማስገባት ብቻ ነው።

ረጅም መንገድ የሚጓዙ ወይም ልጆች የሚያመላልሱ ባለቤቶች ድምፁ ሲሰለቻቸው ቱቦውን ያስወጡታል። ነገር ግን ፈትቶ መጣል ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች በሚገባ መደፈን አለባቸው። በአየር መሳቢያው በኩል ያለው ካልተደፈነ ሞተሩ ያልተጣራ አየርና አቧራ ይስባል። በሹፌሩ በኩል ያለው ካልተደፈነ ደግሞ ከሞተሩ ክፍል ጩኸትና ሽታ ይገባል።

በእኛ አካባቢ የሚሠሩት ሚኒባሶችና ባጃጆች እንዲህ ያለ ቱቦ የላቸውም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል፦ ጩኸት የሚቀነሰው የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ በመድፈን እንጂ ከላዩ ሬዲዮ በመጨመር አይደለም።

ጆሮ እንዴት ይጎዳል?

በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ከሞቱ እንደ ቆዳ ወይም እንደ ጥፍር ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸት ሲደጋገም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅን የመስማት ችሎታ ነው። ለዚህ ነው አንድ አዛውንት «ይሰማኛል፤ ምን እንዳልከኝ ግን አልለየሁትም» የሚሉት። «ሰማ» እና «ሸማ» ይምታቱባቸዋል። የልጅ ልጅ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይርቃቸዋል።

የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው። በሥራ ቦታ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት እንደማይገባ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው የድምፁ መጠንና የቆይታው ጊዜ አንድ ላይ ነው። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ጆሮው ይጠፋል ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ሹፌሩ፣ ረዳቱና በየቀኑ በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ናቸው።

መለኪያ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። በአንድ ክንድ ርቀት ከጎናችሁ ለተቀመጠ ሰው ለመናገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ፣ ጩኸቱ ወደ 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ጩኸቱ ከየት ይገባል?

መኪና ያላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ሹፌር የሆነ ቤተሰቦች፣ መካኒኩን እነዚህን በቅደም ተከተል እንዲያይ ጠይቁት።

መጀመሪያ ማርሚታው አለመበሳቱንና መጋጠሚያው አለመላላቱን ይመልከት። ቀጥሎ ከጋቢናው ወንበር ሥር ያለውን የሞተር ክዳን ይፈትሽ፤ የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ካረጀ ወይም መያዣው ካልጠበቀ ጩኸቱም ሙቀቱም በቀጥታ ይገባል። ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ሲያልቅ ደግሞ ንዝረቱ ወደ ወንበሩ ይተላለፋል። የበርና የመስኮት ጎማዎችም መታየት አለባቸው። ከነዚህ አብዛኞቹ ሞተር የማያስወርዱ ጥገናዎች ናቸው።

ጩኸት ለማፈን ብሎ የፍራሽ ስፖንጅ በሞተሩ ክዳን ሥር መለጠፍ ግን አደገኛ ነው። ስፖንጅ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ጭሱም መርዛማ ነው።

ጩኸቱ የአደጋ ምልክት ሲሆን

እንደ ነርስ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። መኪናችሁ በድንገት ከወትሮው የተለየ ጩኸት ካሰማ፣ ማርሚታው ወይም የጭስ መስመሩ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀዳዳ ከጩኸቱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመምተኞችና አዛውንቶች ፈጥነው ይጎዳሉ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ ስሜት ናቸው። ብዙ ሰው «መንገዱ ነው፣ ሙቀቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በአንድ መኪና ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ፣ ወይም ወርዳችሁ ንጹሕ አየር ስታገኙ ቶሎ ከተሻላችሁ ጋዙን ጠርጥሩ። መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉም ይውረድ። ራሱን የሳተ ወይም በጣም የደከመ ካለ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። መስኮት መክፈት መፍትሔ አይደለም፤ መኪናው ሳይጠገን ሰው መጫን የለበትም።

የማይነቀሉ ነገሮች

አንዳንድ ወጣቶች መኪናው ወይም ሞተር ሳይክሉ ጉልበት ያለው እንዲመስል የማርሚታውን ውስጥ ያስወጣሉ፤ የአየር ማጣሪያውን ቤትም ያነሣሉ። ሁለቱም የተሠሩበት አንዱ ምክንያት ጩኸትን ማፈን ነው። ማጣሪያው ከተነሣ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ሞተሩን ይበላዋል። ጉዳዩ የጎረቤትም ጭምር ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል። የማርሚታውን ጉዳይ የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ ማቆየት አያስፈልግም።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ሌላ ወንበር ካለ አዛውንቱንና ሕፃን ያቀፈችውን እናት ከመሀል ረድፍ አስቀምጧቸው። ልጅን ከፊት አለማስቀመጥ ግጭት ቢደርስም የሚጠቅም ነው።

ሁለተኛ፣ መንዙማም ይሁን ዘፈን በሞተሩ ጩኸት ላይ ሲጨመር ጆሮ ሁለቱንም ይሸከማል። «ልጄ፣ ትንሽ ቀንስልን» ማለት ነውር አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ የሚያደምጥ ልጅ የመኪናውን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራል፤ ጉዞ ላይ ቢያወልቀው ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሣሪያ ለሚያዳምጡ ልጆች የሚመክረው ጣሪያ 75 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥጥ ጆሮ ውስጥ መክተት ጩኸትን እምብዛም አይከላከልም። ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች የሚወተፍ ነገር አትጠቀሙ፤ አውጥተው ሊውጡትና ሊያንቃቸው ይችላል።

አራተኛ፣ ከጉዞ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት፣ ቴሌቪዥን ከሌላው ሰው በላይ ከፍ የሚያደርግ፣ ወይም ሲጠሩት የማይዞር የቤተሰብ አባል ካለ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ መንስኤው የጆሮ ሕመምና መግል ነው፤ ይህ ደግሞ ሊታከም ይችላል። ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አታፍስሱ። «ልጁ እልኸኛ ነው» ወይም «ክፍል ውስጥ አይከታተልም» ከማለታችን በፊት መስማቱን ማረጋገጥ ይቀድማል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ ዝግ ብለው ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ለጆሯችን እፎይታ ነው፤ ለእግረኛ ግን አዲስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ልጆቻችንን «መኪና ሲመጣ አትሰማም ወይ?» እያልን አሳድገናል። ከእንግዲህ አስፋልት ሲሻገሩ ግራና ቀኙን በዓይናቸው አይተው እንዲሻገሩ እናስተምራቸው፤ ጆሯቸው ለደከመ አያቶችም የሚበጀው ይኸው ነው።