ሳይፈካ የሚለቀም አበባ

ሻያችንን ጠጥተን ስንጨርስ ከብርጭቆው ሥር የሚቀረው ያ ምስማር መሳይ ነገር ፍሬ እንዳይመስላችሁ። ቅርንፉድ አበባ ነው፤ ያውም ለመፍካት ያልታደለ እንቡጥ።

ዛፉ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ከተተከለ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ማበብ ይጀምራል። እንቡጡ አረንጓዴነቱን ትቶ ቀላ ሲል ለቃሚው ዛፉ ላይ ይወጣል። ዘግይቶ አበባው ከፈካ ዋጋው ይወድቃል፤ ተቻኩሎ ቅርንጫፍ የሰበረ እንደሆነ ደግሞ የሚመጣው ምርት ይጎዳል። የተለቀመው ከዘንጉ ተለይቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ለጥቂት ቀናት ደርቆ ይጠቁራል። ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ የሚነክሰውም በከንቱ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት ሕመሙን ያደነዝዛል።

የዛፉ የትውልድ አገር በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ የሚገኙት ቴርናቴ፣ ቲዶሬና ጎረቤቶቻቸው የሆኑት ትናንሽ የሞሉካ ደሴቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነጋዴ ዛፍ ያስተክላል እንጂ ያስቆርጣል ብሎ ማን ይገምታል? የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ግን ይህንኑ አደረገ። ቅርንፉድ ከበዛ ይረክሳል ብሎ ስለ ፈራ፣ በ1652 ከቴርናቴ ሱልጣን ጋር ተዋዋለ፤ ሱልጣኑ በየዓመቱ ገንዘብ ሊቀበል፣ በግዛቱ ያለው የቅርንፉድ ዛፍ ግን ሊጠፋ። ተክሉ በአምቦንና በአጠገቧ ባሉት ደሴቶች ብቻ እንዲቀር ተወሰነ። ትእዛዙን ለማስፈጸም የሚላኩትን የጦር ታንኳዎች የሚቀዝፉት የደሴቶቹ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። የወገኑን ዛፍ ለማስቆረጥ የሚቀዝፍ ሰው ምን እያሰበ ይቀዝፍ ይሆን?

አጥሩን የጣሰው ፒየር ፑዋቭር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። (ስሙ በፈረንሳይኛ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው፤ ለሥራው የታዘዘለት ይመስላል።) ዛሬ ሞሪሺየስ የምትባለውን ደሴት ሲያስተዳድር የላካቸው ሰዎች በ1770 ችግኙን በስውር ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተክሉ ዛንዚባር ደረሰ። የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ ሰፊ እርሻ አስተከለ፤ መቀመጫውንም ወደዚያው አዛወረ። ተክሎ የሚለቅመው ግን ከአፍሪካ ምድር በባርነት የተጋዘ ሰው ነበር። በ1872 ከባድ ማዕበል የዛንዚባርን ደሴት ዛፎች አብዛኞቹን ሲጥል የጎረቤቷ የፔምባ ተረፉ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1897 ነው። ከ1964 አብዮት በኋላም ብቸኛው ገዢ መንግሥት ሆነና የሚከፍለው ዋጋ ስላነሰባቸው፣ የፔምባ ገበሬዎች ምርታቸውን በስውር በጀልባ ወደ ኬንያ ያሻግሩ ነበር። የሆላንዶቹ ዘመን ብልሃት በሌላ ባለቤት እጅ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ዛሬ ከሁሉ የበለጠ ቅርንፉድ የምታመርተው ያቺው ኢንዶኔዥያ ናት። አብዛኛውን ግን ለወጥም ለሻይም አታውለውም፤ ከትንባሆ ጋር ተደባልቆ ክሬቴክ በሚባል ሲጋራ ይጨሳል። ስሙም የተገኘው ቅርንፉዱ ሲነድ ከሚያሰማው የመንጣጣት ድምፅ ነው።