ሊኑክስ፦ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሕግ የሚቀዳ ሲስተም

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አስደርገው!» ጠጋኙ ከመሳቢያው አንድ ፍላሽ ያወጣል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ኦፊስ ይጭናል፣ ክራክ ያደርጋል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ ማይክሮሶፍት አምስት ሳንቲም አይደርሰውም፤ ደንበኛውም ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን ልብ አይልም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ክራኩ ይዞት የመጣው ቫይረስ ሥራውን ይጀምርና ላፕቶፑ ወደዚያው ቤት ይመለሳል።

ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዚህ ልማድ የተሠራ ይመስላል። እዚያ ቤት መቅዳት መብት ነው። የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ገበሬ ልዩነቱን ከማናችንም ቀድሞ ይረዳዋል፦ ዲቃላ የበቆሎ ዘር በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛል፤ ካመረቱት ላይ ቀንሰው ቢዘሩት ምርቱ ይወርዳል። የጤፍ ዘር ግን ከራስ ጎተራ ይወጣል፣ ጎረቤትም ይበደረዋል።

ነገሩን የጀመረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም የሚጠቀምበት፣ የሚመረምረው፣ የሚያሻሽለውና ለሌላው የሚያካፍለው ሲስተም ለመሥራት ተነሣ፤ ግኑ አለው። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከርነሉን፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን እምብርት ጻፈ። ሁለቱ ሲገጥሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ሲስተም ተገኘ። ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም፤ በኪስዎ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ ቱም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው።

አሁን ለማንሣት የተገደድኩበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ያሉት ያገለገሉ ዴልና ኤችፒዎች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ለጀማሪ የሚስማማ ዓይነት ግን 2 ጊጋ ራም ካገኘ ይነሣል፣ 4 ጊጋ ካገኘ ደኅና አድርጎ ይሠራል። መልኩም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም፦ ሜኑው ታች በስተግራ፣ ሰዓቱ በስተቀኝ።

ፍላሽ ካነሣን አይቀር፣ «ፍላሼ ሾርትከት ሆነ» የማይባልበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የለም። ተማሪው አሳይመንቱን ሊያሳትም ፍላሹን ይሰካል፤ ቤቱ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ባለቀስት ሆነው ያገኛቸዋል። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሐሰተኛ አቋራጭ አስቀምጧል፤ አቋራጩን የጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣል። ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ይሰኩት። የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይከተል የተደበቁት ፎልደሮች እንደ ወትሯቸው ወለል ብለው ይታያሉ፤ አቋራጮቹ ደግሞ አጠገባቸው እንደ ተራ ፋይል ተኝተዋል፣ ቢነኳቸውም ምንም አይሠሩም። እነሱን አጥፍቶ ሥራን መቀጠል ነው። ለሊኑክስ የሚጻፍ ቫይረስ ጨርሶ የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ የየፎቶ ኮፒ ቤቱ ቫይረስ ግን የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው።

ኢንተርኔትስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚንት ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው። ዋይፋይ ያገኘ አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ቀሪው የፍላሽ ጉዳይ ነው። ከውስጡ ሊብሬ ኦፊስ አለ፣ ፋየርፎክስ አለ፣ የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ አለ፤ ሲሪያል ቁጥር የሚባል ጣጣ የለም።

ለመሞከር ደግሞ መጫን አያስፈልግም። ሩፈስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይጽፉታል (ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ቀድመው ያውጡት)። ከዚያ ላፕቶፑን ሲያበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭነው ፍላሹን ይመርጣሉ። ሲስተሙ ከፍላሹ ይነሣል፣ ሃርድ ዲስክዎን ሳይነካ ይሠራል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ያዩና ካልተስማማዎት ፍላሹን ነቅለው ይሄዳሉ።

አማርኛን በተመለከተ ነጻው ሶፍትዌር ከዊንዶውስ ቀድሟል። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ከቪስታ ጋር ነው። የግኑው የጽሑፍ ማዘጋጃ ኢማክስ ግን ከ1997 ጀምሮ አማርኛ ያስጽፍ ነበር፤ ያንን ክፍል ያዘጋጀው ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ዛሬ ኪማን የተባለው ነጻ የመጻፊያ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይም ይሠራል፤ ስልክዎ ላይ እንደለመዱት ድምፁን ተከትለው ይጽፋሉ። ለመጫን ግን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ችግሩ ያለው የቆዩ ሰነዶች ላይ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ከሥር የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፍቱት ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረደራል፣ ይህ ደግሞ ሌላ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። የመሥሪያ ቤት መዝገብ በዚህ መልክ የተከማቸበት ሰው አስቀድሞ ዩኒኮድ ወደተባለው የጋራ የፊደል ኮድ ያስቀይረው። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ነጋዴም ዊንዶውሱን ባይነካ ይሻለዋል፤ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። ሚንት ሲጫን ዊንዶውሱን ልተወው ወይስ ላጥፋው ብሎ ይጠይቃል፤ «ተወው» ያሉት ሰው ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር የፈለገውን ይመርጣል። ብቻ ዲስኩ እየተከፈለ ሳለ መብራት ከሄደና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ፋይል ሊጠፋ ይችላል። ሰነድዎን ሌላ ቦታ ገልብጠው፣ ባትሪዎ ሙሉ በሆነበት ቀን ይጀምሩ።