የጄምስታውን መዝገቦች የት ገቡ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ተማሪዎች ስለ አሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመን ምን ይማሩ? የአገሪቱ ታሪክ መነሻው ነጻነት የታወጀበት 1776 ነው ወይስ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ቨርጂኒያ የደረሱበት 1619? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት በ2019 በኒኮል ሐና ጆንስ መሪነት “የ1619 ፕሮጀክት”ን ካወጣ ወዲህ ጉዳዩ ከታሪክ ምሁራን እጅ ወጥቶ የምርጫ ቅስቀሳ ርዕስ ሆኗል። በምላሹ ትራምፕ ያቋቋሙት የ1776 ኮሚሽን በጃንዋሪ 2021 ሪፖርቱን ባወጣ በሁለተኛው ቀን ባይደን ሥልጣን ያዙና ኮሚሽኑን አፈረሱት። ከዓመት በኋላ የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪን ሥራ በጀመሩበት ዕለት የፈረሙት የመጀመሪያ ትእዛዝም “ከፋፋይ” የሚባሉ አስተሳሰቦች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ የሚል ነበር።

ይህን የሚከታተል ወላጅ ችግሩ የፖለቲከኞች ብቻ ይመስለዋል። የፖለቲካው ድርሻ ቀላል አይደለም። እኔ ግን የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ሌላ ምክንያት አለ ባይ ነኝ። እሱም ተማሪው ለክፍል ሥራው መረጃ ሲያስስ የሚያገኘው ወረቀት ራሱ ነው። ማን ጻፈው? የትኛው ተረፈ? የትኛው ጠፋ?

የቅኝ ግዛቱ መነሻ የሆነው ጄምስታውን የሚገኘው በጄምስ ሲቲ ካውንቲ ነው። ካውንቲው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የፍርድ ቤት መዝገቦቹን ለደኅንነት ብሎ ወደ ሪችመንድ ላካቸው። በኤፕሪል 1865 የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን ጦር ከሪችመንድ ለቆ ሲወጣ ከተማዋ ስትቃጠል መዝገቦቹም አብረው አመድ ሆኑ። ከቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዶሴዎችም አብዛኞቹ በዚያው እሳት ጠፉ። ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። ባሪያው፣ የኮንትራት አገልጋዩ፣ ባሏ የሞተባት ድሃ ሴት መጽሐፍ አይጽፉም፤ ስማቸው የሚገኘው ሲከሱ፣ ሲከሰሱ ወይም እንደ ንብረት ሲወረሱ በተጻፈ የችሎት መዝገብ ላይ ነው። የገዥዎቹና የነጋዴዎቹ ደብዳቤ ግን እንግሊዝ አገር ተቀምጦ ተርፏል።

የ1619ን ታሪክ እንኳ ብንወስድ፣ መነሻችን ትንባሆ አምራቹ ጆን ሮልፍ ለቨርጂኒያ ኩባንያ ሹም ለኤድዊን ሳንዲስ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ከ20 ጥቂት የሚበልጡ አፍሪካውያን በመርከብ መጥተው በስንቅ እንደተለወጡ ይነግረናል። የአንዳቸውንም ስም አይጠራም። ከየት እንደመጡ ለረጅም ዘመን በውል ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ብዙዎች ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ይመስላቸው ነበር። በ1997 ኤንግል ስሉተር የተባሉ ታሪክ ተመራማሪ ከስፔን መንግሥት የሂሳብ መዛግብት ያገኙትን አሳተሙ። ሰዎቹ ከአንጎላዋ ሉዋንዳ ወደ ሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ባሪያ ሲያጓጉዝ በባሕር ላይ ከተዘረፈ የፖርቱጋል መርከብ የተወሰዱ ነበሩ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ያልነገሩንን የአንጎላ ሰዎች ማንነት የነገረን የስፔን ቀረጥ ሰብሳቢ ነው።

ከዚያ ቡድን ጋር በተያያዘ ጉዞ ከመጡት አንዷ አንጄላ ናት። ከ1624 እስከ 1625 በተደረገው ቆጠራ በካፒቴን ዊልያም ፒርስ ቤት ተመዝግባለች። ስሟ፣ ጥቁር ሴት መሆኗና የመጣችበት መርከብ ብቻ ነው የሰፈረው። ከጄምስታውን መሪዎች አንዱ የነበረው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በአንጻሩ ስለ ራሱ መጻሕፍት ጽፎ አልፏል። ሥራውን በሳምንት ውስጥ አጠናቆ ማስረከብ ያለበት የ10 ዓመት ልጅ ከሁለቱ ማንን ይመርጣል? ክፍሉ በየዓመቱ በጆን ስሚዝና በፖካሆንታስ ሥዕል የሚሞላው የሆነ ሰው ስላሴረ አይደለም።

የአገሬው ተወላጅ የሆነችው ፖካሆንታስም ብትሆን በራሷ እጅ የጻፈችው አንድም ቃል አልተገኘም። ስሚዝን ከሞት አዳነችው የሚባለው ታሪክ እሱ በ1624 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ስለዚያው ጊዜ በ1608 ባወጣው ዘገባ ላይ ግን የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ “ለምን?” ብሎ የጠየቀ ተማሪ ማንም ፖለቲከኛ ሊሰጠው ወይም ሊነጥቀው የማይችል ትምህርት አግኝቷል።

የወረቀቱ ክፍተት ያስከተለው ከባዱ ጉዳት፣ ሁለቱም ወገን ባዶውን በየፊናው መሙላቱ ነው። አንዱ በጁላይ 1619 የተሰበሰበውን የመጀመሪያ ምክር ቤት አንስቶ የዴሞክራሲ ልደት ይለዋል። ሌላው በኋላ የተደነገገውን የባርነት ሥርዓት ወደ ኋላ ወስዶ በ1619 ላይ ያሳርፈዋል። አፍሪካውያኑ ከመርከብ ሲወርዱ በሕግ ፊት ምን እንደነበሩ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። የሚያከራክር ያልሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1640 አብረው ከጠፉ ሦስት አገልጋዮች ሁለቱ አውሮፓውያን የአገልግሎት ዘመናቸው በ4 ዓመት ሲራዘም፣ ጥቁሩ ጆን ፓንች ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተፈረደበት። በ1662 ልጅ የእናቱን ዕጣ እንዲወርስ ተደነገገ፤ የእንግሊዝ ልማድ በአባት ይቆጥር ስለነበር ሕጉ ጌታው ከባሪያው የወለደውን ልጅ ሳይቀር ባሪያ አደረገው። በ1705 ሁሉም በአንድ ሕግ ተጠቃለለ። ለእኔ ክሱ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ባርነት ሕግ አውጪዎች ተሰብስበው፣ መክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ያቆሙት ሥራ ነው። በ1619 ጀምሮ በ1619 የሚያልቅ የተማሪ ሥራ እነዚያን ሕግ አውጪዎች ነጻ ይለቃቸዋል።

መውጫው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ወረቀት በሌለበት አፈሩ እየተናገረ ነው፤ ወንዙ በልቶታል ተብሎ የነበረውን የጄምስታውን ምሽግ በ1994 በተጀመረው ቁፋሮ የአርኪኦሎጂ ባለሙያው ዊልያም ኬልሶ አግኝተውታል። በ1974 ክሊቭላንድ ላይ የተጀመረው፣ ፍጻሜው በየዓመቱ በጁን በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው አገር አቀፍ የተማሪዎች የታሪክ ውድድርም ተወዳዳሪው የዘመኑን ሰነድ ከኋላ ሰው ጽሑፍ እንዲለይና እያንዳንዱን ለምን እንደተጠቀመበት እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ይህ ልማድ ለተወዳዳሪዎች ብቻ መቅረት የለበትም።

በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛ ክፍል የቨርጂኒያን ታሪክ ይማራሉ። የክፍል ሥራቸውን ካርቶን ሲያስጌጡ ከማገዝ በፊት ይህን ማን፣ መቼ፣ ለማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቋቸው። ስለ አንጄላ መጻፍ ከፈለጉ አታስቀሯቸው። ያችን አንዲት መስመር ያስፍሩ፤ ከሥሯም ሌላው መዝገብ በ1865 ሪችመንድ ላይ መቃጠሉን ይጻፉ፤ መምህራቸውም ለዚያ ነጥብ ይስጧቸው።